የሚንተከተከው ክኒንና የሽሮዋ ቃሪያ

ከኮሮና ወዲህ አማርኛችን አንድ ቃል አትርፏል፤ «ኢሚዩኒቲ»። ጉንፋን የያዘው «ኢሚዩኒቲዬ ወርዶ ነው» ይላል፤ ያልያዘው ደግሞ «የኔ ኢሚዩኒቲ አስተማማኝ ነው» ብሎ ይኩራራል። ልክ እንደ ሞባይል ካርድ የሚሞላና የሚያልቅ ነገር ይመስል «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ተብሎ የማይሸጥ ነገርም ጠፍቷል። ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት የሚንተከተክ ብርቱካንማ ክኒን፣ አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከጫማና ከሽቶ ጋር ጠቅጥቃ የምታመጣው መልቲቫይታሚን… (ያ ብልቃጥ ደግሞ አያልቅም! ቁም ሳጥን ላይ ሆኖ እንግዳ ይቀበላል።)

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ባንድ ጀምበር ወርቅ ሆነው እንደነበር የሚረሳ ያለ አይመስለንም። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ለመከላከሉ ግን ማስረጃ እንደሌለ አሳስቦ ነበር። ማን ሰምቶት! ያኔ ሰው ቢደናገጥ አይፈረድበትም፤ ክትባት የለ፣ መድኃኒት የለ። እኛን የሚከነክነን ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ገበያው መቅረቱ ነው። ጋዜጠኝነት ያስተማሩን ሰዎች «ከዚህ ወሬ ማን ይጠቀማል? ብላችሁ ጠይቁ» ይሉን ነበርና ጥያቄውን ለዚህም እንጠይቀው።

የኛ አቋም አጭር ነው። ቫይታሚን የጎደለውን ይሞላል እንጂ የሞላው ላይ ሲጨመርበት ሌላ ጉልበት አይፈጥርም። እዚህ አገር ደግሞ የጎደለበትና ገዝቶ የሚውጠው አንድ ሰው አይደለም።

መጀመሪያ «መጨመር» የምትለዋን ቃል እንያት። የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ራዲዮ አይደለም፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር አይሻልም። አስም፣ አለርጂ፣ መገጣጠሚያን የሚበላው ሩማቶይድ አርትራይተስ… እነዚህ ሁሉ መከላከያው ደክሞ ሳይሆን ያለ ቦታው ሲዘምት የሚመጡ ናቸው። ራሱን ኮሮናን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በእንግሊዝ የተደረገው «ሪከቨሪ» የተባለ ትልቅ ሙከራ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩ ሕሙማን መካከል የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ የቀነሰ ርካሽ መድኃኒት አገኘ። ዴክሳሜታሶን ይባላል። ሥራው ምን መሰላችሁ? የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ማብረድ! አገር ምድሩ ኢሚዩኒቲ ሊጨምር ሎሚ ሲጨምቅ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ያተረፈው ኢሚዩኒቲን የሚያረጋጋው መድኃኒት ነበር።

ወደ ብርቱካንማው ክኒን እንምጣ። የቫይታሚን ሲን ዝና የገነባው ተራ ሻጭ አይደለም፤ ሊነስ ፖሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በ1954 የኬሚስትሪ፣ በ1962 ደግሞ የሰላም ኖቤል ተሸልሟል፤ ሁለት ኖቤል ያለ ተጋሪ የወሰደ ብቸኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 «ቫይታሚን ሲ በብዛት ውሰዱ፣ ጉንፋን አይደርስባችሁም» የሚል መጽሐፍ ሲያወጣ ማን ይከራከረዋል? ተመራማሪዎች ግን ተከራከሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮክሬን የተባለው ተቋም ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 29 ሙከራዎች አንድ ላይ አድርጎ መረመረ። በየቀኑ ቫይታሚን ሲ የሚወስድ ተራ ሰው በጉንፋን የመያዝ ዕድሉ አይቀንስም። ከያዘው በኋላ የሚቆይበት ጊዜ በአዋቂዎች በ8 በመቶ ገደማ ያጥራል፤ የሰባት ቀን ጉንፋን ቢሆን ግማሽ ቀን መሆኑ ነው። ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ የሚዋጠው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አልታየበትም። አንድ ለየት ያለ ቡድን ግን ነበር፤ የማራቶን ሯጮች፣ የበረዶ ላይ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችና በከባድ ቅዝቃዜ ልምምድ ላይ የነበሩ ወታደሮች። እነሱ የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ቀንሷል። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ላይ የምትሮጡ አንባቢዎቻችን ይህን በልዩነት መዝግቡልን፤ በሩጫ የምታውቁት ነገር ከታክሲ ሰልፍ እስከ ታክሲ በር ከሆነ ግን እናንተን አይመለከትም።

ለኮሮናም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመና አሜሪካ ውስጥ 214 ቤታቸው ሆነው የሚታመሙ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ በከፍተኛ መጠን ዚንክ፣ ቫይታሚን ሲ ወይም ሁለቱም በተሰጣቸው ላይ ምንም የተለየ ለውጥ ባለመታየቱ ሳያልቅ ቆመ።

ይህ ማለት ቫይታሚን ሲ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ያለሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም። የሚያስፈልገው ግን በቀን ለሴት 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ነው። የሚንተከተከው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ 1000 አለው፤ ትርፉ በሽንት ይወጣል። (በጣም ሲበዛ ለኩላሊት ጠጠር ሊዳርግ ይችላል፤ ዚንክም ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ የመዳብ እጥረት ያመጣል።) ሽሮ ላይ ጣል የምትደረገው አንዲት ደህና ጥሬ ቃሪያ ደግሞ ብቻዋን የቀኑን ሙሉ ድርሻ ልትሸፍን ትችላለች። ከዚህም በላይ ምሥጢር አላት፤ ቫይታሚን ሲ ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ቡና ተዉ አላልንም፣ ይቅር ይበለን! አንድ ሰዓት አቆዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷልና ይህቺ ጉዳይ በተለይ እኛን ሴቶችን ትመለከታለች።

አሁን ደግሞ ቫይታሚን በእርግጥ ሰው ያዳነበትን ታሪክ እንይ። ዳፍንት የሚለውን ቃል አያቶቻችን ያውቁታል፤ ቀን የሚያይ ዓይን ሲመሽ የሚከዳበት በሽታ ነው። መነሻው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። አልፍሬድ ሶመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ዳፍንት ያለባቸው ሕጻናት ዓይናቸው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞታሉ። በተቅማጥ፣ በሳምባ ምች፣ በኩፍኝ። በሱማትራ ደሴት በአቼ ሕጻናቱ በስድስት ወር አንዴ ቫይታሚን ኤ እንዲወስዱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ውጤት ቫይታሚኑ በተሰጠባቸው መንደሮች ሞት በ34 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ሐኪሞችም ማመን ከብዷቸው ነበር፤ ተደጋግሞ በሌላ አገር እስኪሞከር ድረስ። ዛሬ እኛ አገር ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕጻናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ጠብታ፣ ኩፍኝ ለያዘው ልጅም የሚታዘዘው ያው ነው። ዚንክም እንዲሁ ነው። የሚሸጠው «ለኢሚዩኒቲ» ተብሎ ለጎልማሳ ነው፤ የተመሰከረለት ሥራው ግን ተቅማጥ በያዘው ሕጻን ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2004 ጀምሮ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ይመክራሉ።

ልዩነቱን አያችሁት? ያው ቫይታሚን፣ ያው ማዕድን። አቼ ውስጥ ሕይወት ያዳነው ስለ ጎደለ ነው። ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ ኬክ በማኪያቶ ለሚያወራርድ ሰው ግን ያን ተአምር አይደግምለትም።

«እኛስ ጎድሎን ቢሆን?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ነገር ላይ በተለይ እውነት ሊሆን ይችላል። «የ13 ወር ፀጋ» እያልን ፀሐያችንን ለቱሪስት ስንሸጥ የኖርን ሕዝቦች ነን። ቫይታሚን ዲን ሰውነታችን የሚሠራው ቆዳችን ላይ በሚያርፍ ፀሐይ ነው። ታዲያ አዳማና አካባቢዋ ባሉ 174 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶዎቹ እጥረት እንዳለባቸው አገኘ። የሚገርመው ክፍፍሉ ነው፤ ከገጠር ልጆች ከ5 አንዱ ገደማ፣ ከከተማዎቹ ግን ከ10 ስድስቱ! ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የከተማው ልጅ ግን ከክፍል ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ስክሪን ነው። ቫይታሚን ዲ የመተንፈሻ አካል በሽታን ይቀንሳል ወይ በሚለው ላይ ግን ተስፋው እየደበዘዘ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ትልቅ ትንተና መጠነኛ ጥቅም፣ በተለይም ክፉኛ ለጎደለባቸው፣ አሳይቶ ነበር። ሙከራዎች ሲጨመሩና በ2025 ስሌቱ ሲደገም ጥቅሙ እንዳለ በእርግጠኝነት ለመናገር አልተቻለም። ፀሐይ መሞቅ ግን አሁንም ነፃ ነው፤ ለአጥንትም ይበጃል።

አሁን ወደ አንጀት እንውረድ፤ ወቅቱ የአንጀት ነውና። «70 በመቶ የሚሆነው ኢሚዩኒቲ አንጀት ውስጥ ነው» የሚለውን ሳትሰሙት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት በሙሉ ለመቁጠር የሞከሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላ ነው። በአንድ ጎልማሳ ውስጥ 1.8 ትሪሊዮን ያህል የመከላከያ ሕዋሳት አሉ፤ ሲመዘኑ 1.2 ኪሎ ገደማ ናቸው። አንጀት ውስጥ ያለው ድርሻ ግን ከመቶ ሦስት አራት እጅ ነው፤ አብዛኛው በአጥንት መቅኔና በሊምፍ ዕጢዎች ነው። 70 በመቶ ሆነው አንጀት ውስጥ የተገኙት ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) የሚያመርቱት ፕላዝማ የሚባሉ ሕዋሳት ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ተጋኗል ማለት ግን አንጀት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር (ፋይበር) ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያመርታሉ። ይህ አሲድ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፤ የመከላከያ ሕዋሳትንም «ተረጋጉ፣ ይህ ምግብ እንጂ ጠላት አይደለም» የሚሉ ሌሎች ሕዋሳት እንዲበዙ ያግዛል። ባክቴሪያውን የሚመግበው ታዲያ ምንድን ነው? ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ገብስ፣ ጎመን፣ ከነገለባው የሚፈጨው ጤፍ። ቆሎ! ንፍሮ! «የድሃ ምግብ» ብለን በቺፕስ የለወጥናቸው ናቸው።

የቦካ ምግብስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አሰር የበዛበት፣ ግማሾቹን እርጎን የመሰለ የቦካና የረጋ ነገር ለ10 ሳምንት አበሏቸው። የቦካ የተመገቡት ላይ የአንጀት ባክቴሪያዎች ዓይነት በዛ፤ ከብግነት ጋር የሚያያዙ 19 ፕሮቲኖችም ደማቸው ውስጥ ቀነሱ። ሙከራው ትንሽ ነው፤ ጉንፋን ስለመቀነሱም አልመረመረም። ይህ ወሬ አገራችን ሲደርስ ግን «እንጀራችን ፕሮባዮቲክ ነው» ተባለ። እንጀራ ወዳጃችን ናት፤ ሐሜት አንወድባትም፤ ነገር ግን ሊጡን ያቦኩት ባክቴሪያዎች የጋለ ምጣድ ላይ ይሞታሉ። የቡኮው ጥቅም ሌላ ነው፤ እህል ውስጥ ያለውንና ብረትና ዚንክን አንቆ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሰዋል። አያቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ እንዴት እንደደረሱበት ነው የሚገርመን። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የፈለገ እርጎ ይጠጣ። እርጎውን ግን ካልተፈላ ወተት ማርጋት ለብሩሴሎሲስና ለከብት ሳምባ ነቀርሳ ሊያጋልጥ ይችላል፤ ወተቱን አፍልቶ፣ አብርዶ፣ በእርሾ ማርጋት ይቻላል።

መቼም ለፕሮባዮቲክ ክኒን ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነው ጉንፋን ሲይዘው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን የሚገዛው። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካም፤ የሚጨርሰው በአንድ እጁ እየመገባቸው ያሉትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ነው።

አንጀት ነገሩ የሚከብደው ግን ልጆች ላይ ነው። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ በሌለበት ሰፈር የሚያድግ ሕጻን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቆሻሻ ይውጣል። ተቅማጥ ባይዘውም እንኳ አንጀቱ ይቆጣል፤ ግድግዳው ይሳሳል፤ የበላው ምግብ በአግባቡ አይሠርጽም። በአፍ የሚሰጥ ክትባትም ጭምር ይደክማል። የሮታ ቫይረስ ክትባትን ውሰዱ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የምትሰጠውን። በአውሮፓ ከከባድ ተቅማጥ የመከላከል ኃይሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። በ2010 የታተመ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ 77፣ በማላዊ 49 በመቶ ላይ አገኘው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የተጎሳቆለ አንጀትና የተጎሳቆለ ገበታ ግን ተጠርጣሪዎቹ ውስጥ አሉ። (ልጃችሁን ከማስከተብ እንዳትቀሩ! በሽታው በሚበዛበት አገር 49 በመቶው ራሱ ብዙ ነፍስ ያድናል።) ነገሩ በሳሙናና በአንድ ጉድጓድ መጸዳጃ ብቻም አይፈታም። በዚምባብዌ፣ በኬንያና በባንግላዴሽ ተደርገው በ2018 አካባቢ ውጤታቸው የወጡት ትልልቅ ሙከራዎች ለየቤቱ መጸዳጃና መታጠቢያ ሰጥተው የሕጻናቱ ቁመት ላይ ለውጥ አላዩም፤ ተጨማሪ ምግብ የተሰጣቸው ልጆች ግን በትንሹም ቢሆን አድገዋል። ሰፈሩ በሙሉ ካልጸዳ፣ ቧንቧው ካልመጣ፣ ገበታው ካልተለወጠ አንድ ባልዲ ተአምር አትሠራም።

የገበታችንን ነገር ቁጥር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕጻናት በቂና የተለያየ ምግብ ያገኙ የነበሩት ከመቶ 7 ናቸው። በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ የሚያጥረው በቁመት ብቻ አይደለም፤ በተቅማጥና በሳምባ ምች የመሞት ዕድሉም ከፍ ይላል። «ኢሚዩኒቲ» ስንል እኛ የምናስበው ይህን ልጅ ነው።

የኛን የላጤዎቹንም ገበታ አንርሳ። ጠዋት ቦንቦሊኖ በሻይ፣ ቀን እርጥብ፣ ማታ ፓስታ በስጎ። ጾም ሲገባ እንዲያውም ገበታችን ይሻሻላል፤ በያይነቱ ላይ ያለውን ምስር፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ጎመን ቁጠሩት። ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት አይገኝም፤ ጉበት ግን ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማቸው ጾም ሲፈታ ለሚመገብ ሰው ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ጾሙ ተፈቶም እንቁላልና ወተት ለማይደርሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በዝቷል። ስለዚህ ለወጣት ደሞዝተኛ የምንለው ይህ ነው፤ የክኒኗን ዋጋ ጉሊት ይዛችሁ ውረዱ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን አይረንና ፎሊክ አሲድ ግን ዋጡ፤ እሱ ማስታወቂያ አይደለም።

ከግል ኪሳችን በላይ የሚሠራው ግን የጋራው ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በ2022 ደግሞ የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤና ዲ፣ የስንዴ ዱቄትም በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። ይህ ደረጃ በትክክል ከተተገበረ ብልቃጥ ገዝታ ለማታውቅ እናት ቫይታሚኑ ዘይቷ ውስጥ ገብቶ ቤቷ ይደርሳል። ዘይት ስንገዛ ጀርባውን ገልብጠን ማንበብ፣ ከሌለበትም ለምን ብሎ መጠየቅ የኛ ሥራ ነው። አዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ትመግባለች፤ ከድስቱ ጎን የሚቆሙት የየሰፈሩ እናቶች ናቸው። እኛ አምደኞች ስለ ኢሚዩኒቲ የምንጽፈው ነገር ካለን ስለዚያ ድስት እንጽፍ፤ በሳምንት ስንት ቀን ጎመን እንደሚገባበት፣ ስንት ቀን እንቁላል እንደሚቀቀልና በጀቱ ገበያ ላይ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቀድሞ የሚቀነሰው የትኛው እንደሆነ።